ሦስት ርካሽ ዲስኮች

ሰኞ

አሮጌው ሰርቨር ዛሬ ጠዋት መንቋቋት ጀመረ። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አዳመጠችና "ኢንጂነር፣ አይጥ የገባበት ይመስላል" አለችኝ። አይጥ! ዕድሜዋን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የዲስክ ጣር ከአይጥ ጥርስ አትለይም።

እኔም ሰማሁት። ቀጭ፤ ዝም። ቀጭ ቀጭ፤ ዝም። አባዬ ከሞተ ወዲህ የቀየስነው መሬት፣ የነደፍነው መስመር፣ የተፈራረምነው ውል ሁሉ ያለው እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ታች ያለው መስታወት ቆራጭ ማሽኑን ባስነሣ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ዲስኩም አብሮ።

ወንድም ጋሼ ከወንበሩ አልተነሣም። "እየሞተ ነው?" አለ፣ እኔን ሳይሆን ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን ግድግዳ እያየ። ሰሞኑን ያመጣው ፈሊጥ ነው። ሲያናግሩት አንገቱን ዘወር ያደርግና በጎን ያያል፤ የተበላሸ ዕቃ የቀረበለት ገዢ ይመስል። ታላቄ ስለሆነ፣ የቢሮውም ነዳፊ እሱ ስለሆነ፣ ለፊቴ ዋጋ መስጠት ትቷል።

"እየሞተ ነው" አልኩት። "አንተ ግን አትጨነቅ፤ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ።

ረቡዕ፣ ማታ

ኮምፒውተር ሻጩ ዘንድ ሄድን። ወንድም ጋሼ "እኔም ልምጣ" አለ። መኪናውን ቤት ማቆም ከጀመረ ሰንብቷል፤ "ትራፊኩ ሰለቸኝ" ይላል። ስለዚህ እኔ ሹፌሩ ሆንኩ።

ሻጩን "አቶ ዋስትና" ብዬዋለሁ። ስለ ምንም ነገር ብትጠይቀው መልሱ "ዋስትና አለው" ነው። ይፈጥናል ወይ? ዋስትና አለው። ይሞቃል ወይ? ዋስትና አለው። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ነው፤ መሃል ላይ እሱ ላብ በላብ ሆኖ ይቀመጣል።

"ሬይድ ማለት፣ እህቴ፣ ብዙ ዲስክ እንደ አንድ ማሠራት ነው" ብሎ ጀመረ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ እንደሰነበትኩ ሳይጠይቅ። "ዜሮ የሚባለው ፋይሉን ለሁለት ከፍሎ ይጽፋል። ፈጣን ነው፤ አንዱ ከሞተ ግን ሁሉም ሞተ። ሬይድ አንድ፣ እኛ መስታወት የምንለው፣ አንዱ ላይ የጻፈውን ሌላው ላይ ይደግማል። ሬይድ አምስት ሦስት ዲስክ ይፈልጋል፤ አንዱ ቢሞት ሁለቱ የጎደለውን አስልተው ያወጡታል።"

"መስታወቱ ይሻለናል" አለ ወንድም ጋሼ። "ቀላል ነው። አንዱን ነቅለሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኪው ይነበባል። የማያውቅ ሰውም አያጣውም።"

"የማያውቅ ሰው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ እንበል።"

በመስታወቱ ሁለት ዲስክ ገዝቼ የአንድ ቦታ አገኛለሁ። በአምስቱ ሦስት ገዝቼ የሁለት። ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ግን ለእሱ ነገሩ ሁሉ የስሜት ጉዳይ ነው።

ዲስኮቹ የሚሰኩበት ሁለት ሣጥን አሳየን። አንዱ ደጎስ ያለ፣ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ ዲስክ ሲታመም የሚጮህ። ሌላው ርካሽ፤ መብራት ብቻ፤ አረንጓዴ ደህና፣ ቀይ መጥፎ። ወንድም ጋሼ ሁለቱንም በጣቶቹ ዳበሰ፣ እንደ ጨርቅ ገዢ።

"የሚጮኸውን እንውሰድ" አለ።

"ቢሮ ውስጥ ከታች መስታወት ሲጮህ፣ ከላይ ሣጥን ሲጮህ?"

"መብራት ማን ያያል፣ ትንሿ?"

ትንሿ ይለኛል አሁንም። ሻጩ ፊት። "ዓይን ያለው ሁሉ ያያል" አልኩት፤ ወደ መኪናው ወጣሁ።

ዓርብ

ወሰንኩ። ሬይድ አምስት፣ ባለመብራቱ ሣጥን። ዲስኮቹ ደግሞ ለቤት ኮምፒውተር የሚሸጡት። አቶ ዋስትና ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ሰርቨር ሌላ ዓይነት ዲስክ አለ ብሎ በእጥፍ ዋጋ ሊያሸክመኝ ነበር። ዲስክ ዲስክ ነው፤ ይሽከረከራል። "እሺ፣ ቢያንስ ሦስቱን ከአንድ ካርቶን አትውሰጂ፤ አብረው የተሠሩ አብረው ይደክማሉ" አለኝ። ያልተሸጠለትን አሮጌ ዕቃ ሊያራግፍብኝ መሆኑን የማላውቅ መስሎታል። ከአንድ ካርቶን ወሰድኩ።

ማክሰኞ

ተተከለ። ፋይሉ ሁሉ ተገልብጦ አለቀ፤ አሮጌው ዲስክ ወዲያው ጭራሽ ዝም አለ። በሰዓቱ ነው ያደረስኩት። ማንም አላመሰገነኝም።

አቶ ዋስትና ሲያስተካክል "የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ለማን ይላክ?" አለኝ። የራሴን ሰጠሁት። "ባክአፕስ? ለብቻው የሚቀመጥ ቅጂ?" አለ። ሬይድ እያለ ባክአፕ ሱሪ ላይ ሱሪ መልበስ ነው አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። የሚሸጠው ዕቃ ላለቀበት ሰው ትከሻ መስበቅ ነው የሚቀረው።

ሣጥኑን መደርደሪያው ላይ፣ ከወንድም ጋሼ ጠረጴዛ አጠገብ አደረግኩት። ቀኑን ሙሉ የማይነሣ ሰው አንድ ጥቅም ይስጥ።

"ሥራህ ይህን መብራት ማየት ነው" አልኩት። "ቀይ ሲሆን ትነግረኛለህ።"

"እሺ" አለ።

ሐሙስ

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ደወለ። የኮረብታውን የውሃ መስመር ሥራ ሰጠን። የዓመቱ ትልቁ ሥራ ነው፤ ካበላሸነው ቀጣዩ አይኖርም። ሊዘጋ ሲል "ወንድምሽ ምን አስቀየምኩት?" አለኝ። መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶለት ወንድም ጋሼ አልፎት ሄዷል። እጁ አየር ላይ ቀረ። የምንበላበትን እጅ!

ይቅርታ ጠየቅኩ። ሁልጊዜ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

እሑድ

እማዬ ቤት ምሳ። የአርባ ምናምን ዓመቱን ጎልማሳ እንደ ሕፃን ታበላዋለች። "ሥጋው በበሩ በኩል ነው፣ ድንቹ በመስኮቱ በኩል" እያለች ሳህኑን ታዞርለታለች። እሱም ይበላል። "እጁን ይዘሽ አጉርሺው እንጂ" አልኳት። እማዬ አየችኝ። "አንቺ ብይ" አለች።

ስለ ዲስኩ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ማንም አልሰማኝም።

ረቡዕ

ጸሐፊዋና እሱ። አሁን ነው የገባኝ።

ከምሳ በኋላ ስገባ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተዋል። እሷ በለሆሳስ ታወራለች። እኔን ስታይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ሰባት ነጥብ ሁለት፣ ሰባት ነጥብ አራት" እያለች ቁጥር ማንበብ ጀመረች። እንዲህ ያለ የማይረባ ሽፋን አይቼ አላውቅም። ባል አላት። ጠዋትም ከሁሉ ቀድማ ገብታ፣ ከመደርደሪያው አጠገብ ቆማ ሹክ ትለዋለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

የወረቀቱ ብክነትስ? ንድፉን ሁሉ በሰፊው ወረቀት ያትማል፣ ፊደሉ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ። ትልቅ ስክሪን ደግሞ ጠይቋል። ባለፈው ቁጥር ሳተ፤ ሦስቱን ስምንት አደረገው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ አባዬ "የሱ መስመር ፀጉር ይሰነጥቃል" ይል ነበር። ሰው ሲንቅ እጁም ይሰንፋል።

ዓርብ

"ነዳፊ ይፈለጋል" የሚል ማስታወቂያ ጻፍኩ። ልምድ ያለው፣ ጠንቃቃ፣ ሲያናግሩት ፊት የሚያይ። የመጨረሻውን ሰረዝኩት። ማተሚያው ላይ ረስቼው ኖሯል፤ ጸሐፊዋ አጥፋ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

ወንድም ጋሼን አላባርረውም። ከአባዬ የወረስነው የጋራ ነው። ጥግ ይይዛል፤ ደመወዙን ይወስዳል። የዚህን ያህል ደግ ነኝ።

ሰኞ

ዝናብ። ጸሐፊዋ እህቷ ወልዳ ፈቃድ ወጣች። ስትወጣ ወንድም ጋሼን "መደርደሪያውን ለማን ልተውልዎት?" ስትለው ሰማሁ። "ግዴለም፣ ሂጂ" አለ። የፍቅረኛ ስንብት በመደርደሪያ ቋንቋ።

ሐሙስ

ሥራ በዝቷል። ኢሜይል አልከፈትኩም፤ የከፈተ ሰው ሥራ አይሠራም። ስልክ ያላቸው ይደውሉ።

ማክሰኞ

ቀያሹ ከኮረብታው ጭቃውን ይዞ ገባ። ወለሉን አበላሸ። መለኪያ መሣሪያውን እንደነገሩ ጥግ ወረወረው። ወንድም ጋሼ የመስመሩን ዋና ንድፍ ሊጨርስ ነው፤ ቀስ እያለ፣ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ። ጠጋ ብዬ ሳየው የሚያምር ሥራ ነው። አልነገርኩትም፤ ይኮራል።

ሰኞ

ጸሐፊዋ ተመለሰች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መደርደሪያው ጋ ሄደች፣ ቆመች፣ ወደ እኔ መጣች።

"ኢንጂነር፣ መብራቱ ቀይ ነው።"

ቀይ ነው። የሣጥኑን መዝገብ ከፈትኩ። እሷ ፈቃድ በወጣች በሦስተኛው ቀን ነው አንዱ ዲስክ የሞተው። ይህን ሁሉ ቀን በሁለት እግሩ ሲያነክስ ከረመ፤ ወንድም ጋሼ በክንዱ ሊነካው በሚችል ርቀት ተቀምጦ።

አሁን ልናገር አልፈለግኩም። መጀመሪያ ዲስኩ። ሮጥኩ፣ አዲስ ገዛሁ፣ ሰካሁ። የጎደለውን አስልቶ መሙላት ጀምሯል። ቀስ ይላል። ነገ ያልቃል።

ማክሰኞ

ሁለተኛው ሞተ። ሲሞላ ሳለ። ከአንድ ካርቶን።

ሁሉም ጠፋ።

ማክሰኞ፣ ማታ

የሆነውን ልጻፈው፤ ነገ ሌላ ሰው በሌላ መልክ እንዳያወራው።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ ዋስትና መጥቶ አየው፤ ራሱን ነቀነቀ። ፋይል የሚያወጡ ሰዎች አሉ፣ ግን የሚጠይቁት የቢሮውን የዓመት ኪራይ ነው፤ ያም ቢሆን ተስፋ የለውም አለ። ዲስኮቹ ዋስትና አላቸው፤ አዲስ ይሰጠኛል። ባዶ አዲስ።

እሱ ሲወጣ ወደ ወንድም ጋሼ ዞርኩ። ጸሐፊዋ ነበረች። ቀያሹም በሩ ላይ ጫማውን እየጠረገ ነበር።

"አንድ ሥራ ነው የሰጠሁህ" አልኩት። "አንድ። ያን ሁሉ ቀን ቀይ በርቶ አጠገብህ ተቀምጠሃል። ዓይን የለህም?"

ወደ ግድግዳው አየ።

"ስናገርህ እየኝ። ጠይቄሃለሁ።"

"ሰምቼሻለሁ" አለ። "መሃሉ የለኝም። ዳር ዳሩ ነው የቀረኝ።"

"የምኑ?"

"የዓይኔ።"

ታች መስታወት ቆራጩ ማሽኑን አጠፋ። ወንድም ጋሼ ሐኪም ያለውን ነገረኝ፤ እንደ ሥራ ነገር፣ በደረቁ። ሁለቱም ዓይን መሃል ላይ እየጠፋ ነው። ፊት ለፊት ያየው ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። በጎን ሲያይ ትንሽ ይገኛል። መድኃኒት የለውም። ቀይና አረንጓዴ አንድ ሆነውበታል። ጠዋት ጠዋት ጸሐፊዋ ናት መብራቱን የምታይለት።

"እሺ ስልሽ ማፈር ነበረብኝ" አለ። "ስትሄድ ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ኮቱን ለበሰ። ደረጃውን ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወረደ። ዘወትር እንደዚያ ነው የሚወርደው። ለምን እንደዚያ እንደሚወርድ ጠይቄ አላውቅም።

ረቡዕ

ምንም።

ሐሙስ

አቶ ዋስትና ደወለ። "ሣጥኑ በየቀኑ ኢሜይል ሲልክልሽ ነበር፤ አላየሽውም?"

ስልኩን ዘጋሁበት። ምን አገባው?

ዓርብ

ኢሜይሉን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ወንድም ጋሼ አልመጣም። ጸሐፊዋን ጠርቼ በር ዘጋሁ። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኩ።

"ጋሼ ናቸው አትንገሪያት ያሉኝ።"

"ታስወጣኛለች ብሎ ነው የፈራው?"

"መውጣቱንስ አውቀውታል፣ ኢንጂነር። ማስታወቂያውን እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው።" እጇን እያየች ነበር። "'ከዚህ በላይ ትንቀኛለች' ነው ያሉኝ።"

"እኔ ሰው እንቃለሁ?"

ጸሐፊዋ መስኮቱን አየች። ዝናቡ ቆሞ ነበር። "ደብዳቤዎቹን ላምጣልዎት?" አለች።

እሷ ስታነብለት ስለነበሩት ቁጥሮች ያሰብኩትን ሁሉ እዚህ ጽፌዋለሁ። ገጹን ልቀደው ነበር። ይቀመጥ።

ቅዳሜ

እማዬ ቤት ሄድኩ። እሱ ጓሮ ተቀምጧል። እማዬ በሩ ላይ ያዘችኝ፤ "ልትጮኺ ከሆነ ተመለሺ" አለችኝ። ገና ምንም ሳልናገር።

ጓሮ ሄድኩ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር፤ ስደርስ የወጣው ሌላ ነው።

"ቀያሹ ልኬቱን ከመሣሪያው አላጠፋውም" አልኩት። "ሰነፍ ስለሆነ።"

"ተባረክ ሰነፍ" አለ።

"የውሃ ሥራውን እንደገና መንደፍ እንችላለን። እኔ እነድፋለሁ፤ አንተ አጠገቤ ሆነህ ትናገራለህ።"

"አንቺ? መስመርሽ ከተማሪ ቤት ጀምሮ እንደሰከረ ነው።"

"ለዚያ ነው ተናገር ያልኩህ።"

አንገቱን ዘወር አደረገ፤ ያው የተለመደው ዞር ማለት።

"የት ብቆም ነው የምታየኝ?" አልኩት።

"ወደ ግራ። ትንሽ። አልፈሽዋል፤ ተመለሽ። እዚያ።" ቆምኩ። ብዙ አየኝ። "ሸብተሻል እኮ" አለ። "ማንም አልነገረኝም።"

ከዚያ በኋላ ነው ይቅርታ ያልኩት። ስለ ኢሜይሉም ነገርኩት። አልተናደደም፤ ቢናደድ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

እንሠራለን። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ሁለት ሳምንት ጨመረልን። ወንድም ጋሼ ራሱ ነው ደውሎ ያስረዳው፤ ስለ እጁም፣ ስለ ዓይኑም። ሰውየው ቢሮ ድረስ መጥቶ ጨበጠው። የራሱን ስም እየጠራ ነው የገባው።

ዓርብ

"ይህ ቫልቭ ገደል ላይ ነው ያስቀመጥሽው?" "ይህ ፊደል ተኝቷል፤ አስነሺው።" "አባዬ ቢያይሽ ውርስ ይነፍግሽ ነበር።" ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ጸሐፊዋ ቁጥር ታነባለች፣ እኔ እጎትታለሁ፣ እሱ ይሰድበኛል። የስድብ ችሎታው አልቀነሰም። ሦስት ጊዜ ልነሣና በሩን ልዘጋው ነበር። አልተነሣሁም።

ማክሰኞ

አስረከብን። ተቀበሉት።

የድሮው ሥራ አብዛኛው ሄዷል። ደንበኞች እጅ ያለውን ወረቀት እየለመንን እንሰበስባለን፤ መለመን ለኔ ጥሩ አይደለም፣ ጸሐፊዋ ትለምናለች። አቶ ዋስትና ዘንድ ሄጄ ሁለት ዲስክ፣ መስታወት፣ ከተለያየ ካርቶን፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራውን ዓይነት ገዛሁ። ሦስተኛ ዲስክ ለብቻው፣ ዓርብ ዓርብ ቅጂ ይዞ እማዬ ቁም ሣጥን የሚገባ። እማዬ "ይህ ምንድን ነው?" አለች። ቢሮው ነው አልኳት። "ይህን ታህል ነው?" አለች።

ሐሙስ

ማስታወቂያው ወጣ። ወንድም ጋሼ ነው ይውጣ ያለው። እሱ ንድፍ ይፈትሻል፣ ደንበኛ ያነጋግራል፤ የሚስል እጅ ግን ያስፈልገናል።

አንዱ ዛሬ መጣ። ጎልማሳ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ወንበር ሳይሰጡት የሚቀመጥ። ሥራዎቹን ዘረጋ። ወንድም ጋሼ ማጉያውን ይዞ ተጎነበሰ፤ አንገቱን አዙሮ፣ ወረቀቱን በአፍንጫው እያረሰ፣ መስመር በመስመር። ረጅም ጊዜ ፈጀ።

ሰውየው ወደኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለመሆኑ እሳቸው እዚህ ሥራቸው ምንድን ነው?"

አነጋገሩ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ ነው። የት እንደማውቀው አሰብኩ።

"የሚቀጥሩህ እሳቸው ናቸው" አልኩት። "ውጭ ቆይ።"

በሩን ዘግቼ ወንድም ጋሼን "ይህን አሰናብተው፤ ሌላ ይመጣል" አልኩት።

"እጁ ጥሩ ነው" አለ ገና ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "በጣም ጥሩ። ቅጠሪው።"

"ያለውን አልሰማህም?"

"ዓይኔን ነው ያመመኝ፤ ጆሮዬን አይደለም።" ማጉያውን አስቀመጠ። "ካንቺ ጋር ይህን ያህል ዓመት የሠራ ሰው በሱ ይደነግጣል?"

ሰኞ ይጀምራል። ከአሁኑ ጠልቼዋለሁ።